ጎበዝ፣ ደግመሽ በይ

ወደ ሥልጠናው የገባሁት ወድጄ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ካርታ ስዘረጋና ስጠቀልል ፀጉሬ ሸብቷል። አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና «ክፍለ ጊዜሽ ተቀንሷል። ወይ ተጨማሪ ቋንቋ ለማስተማር ትሠለጥኛለሽ፣ ወይ ዕቃ ግምጃ ቤት ትመደቢያለሽ» አለኝ። የተሰበረ ወንበር ስጠብቅ ልኑር እንዴ? ግን በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ልኮላተፍም አልፈለግሁም። እምቢ ልል አፌን ስከፍት የቋንቋውን ስም ነገረኝ። የእናቴ ቋንቋ ነበር።

እማዬ ያን ቋንቋ እንደምትችል የምናውቀው በወሬ ነው። ልጆች ሆነን ስንጠይቃት «ረስቼዋለሁ፤ ደሞ ምን ይረባችኋል?» ትልና ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ከወደቀች በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሐኪሙ «በኋላ የለመደችው ጠፍቷል፤ የቀረላት የልጅነቷ ነው» አለን። እኛን የመረቀችበት፣ የረገመችበት፣ ተረት ያወራችልን ቋንቋ እንዳለ ሄደ። እኔ፣ ወንድሜና የወንድሜ ሚስት አልጋዋ ዙሪያ ቆመን እንደ ዲዳ መተያየት ሆነ ሥራችን።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት። ጠዋትም ማታም ያችኑ ነው የምትለው። ስትለው ቀኝ እጇን፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ትዘረጋለች። የሆነ ነገር የምትለምን መሰለን። ወንድሜ ውሃ አስጨበጣት፣ መለሰችለት። ሚስቱ ዳቦ አኖረችበት፣ ዳቦውን ትራሷ አጠገብ አስቀምጣ እጇን እንደገና ዘረጋች። እኔ ኪኒኗን ሰጠኋት። ዋጠችውና ያችኑ ነገር ደገመች።

«እታለም፣ የምትፈልገውን ሳናውቅ ልትሄድብን እኮ ነው» አለችኝ የወንድሜ ሚስት። አንጀቴን በላችው። በማግሥቱ ሄጄ ፈረምኩ። ምስክር ወረቀቱም ምድቡም ጉዳዬ አልነበረም። እናቴ የምትለምነው ምን እንደሆነ ላውቅና ልሰጣት ነበር።

የምንሠለጥነው በእረፍት ወራት በተዘጋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ዴስኩ የሕፃናት ስለሆነ ጉልበታችን አገጫችን ሊነካ ምንም አይቀረው። ሠልጣኞቹ እንደኔ ክፍለ ጊዜያቸው የተቀነሰባቸው ናቸው፤ የስፖርቱ መምህር፣ የኬሚስትሪዋ፣ ሌሎችም። አሠልጣኙ ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት ሽማግሌ ናቸው። ከአፋቸው «ድገሙ» የማትጠፋ ስለሆነች ጋሽ ድገሙ አልናቸው።

ጋሽ ድገሙ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ትርጉም የለም። ቾክ ያነሳሉ፣ ስሙን ይላሉ፣ እንደግማለን። ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደግማለን። «ይሄ በኛ ቋንቋ ምንድነው?» ያለ ሰው ውጭ ቆሞ ይመለሳል። ሁለተኛው ሕግ ምስጋና ነው። ተማሪ አፉን ከከፈተ፣ ልክ ይሁን ስሕተት፣ ዝም ተብሎ አይታለፍም። በዚያው ቋንቋ «ጎበዝ፣ ደግመህ በል» ይባላል።

«ልጅ ቋንቋ የሚጠላው ሲያፍርበት ነው» ይሉ ነበር። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አይቼ አላውቅም።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ የኛ ነገር እኮ ነው» ይላል የስፖርቱ መምህር በጆሮዬ። እውነቱን ነው። ጥቁር ሰሌዳ፣ ዳስተር፣ መስኮት ዝጉ፣ ደብተር አውጡ፣ ስሙ፣ ተናገሩ፤ ይህን ሁሉ አጥንተን ሰው ከሰው ጋር የሚያወራበትን አንዲት ቃል አላወቅንም። ቤተሰብ የሚለው ምዕራፍ የመጨረሻው ነው። አስተማሪ መጀመሪያ የክፍሉን ቋንቋ ይወቅ ተብሎ ነው የተዘጋጀው።

በሁለተኛው ሳምንት አልቻልኩም። የእማዬን ድምፅ በስልኬ ቀድቼ እረፍት ላይ ለጋሽ ድገሙ አሰማኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ። «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

«ጥርስ የላቸውም መሰለኝ፤ አይሰማም» አሉ።

«ትንሽ እንኳን፣ ጋሼ? አንድ ቃል?»

«ትርጉም የለም ብያለሁ፣ የኔ ልጅ። ቤት ሄደሽ ከሳቸው ጋር ተለማመጂ። ቀስ ብሎ ይገባሻል።»

ሽማግሌው ደርቀዋል ብዬ በልቤ ተሳደብኩ። ግን ምክራቸውን ሰማሁ። እኔ የያዝኩትን የማልለቅ ሰው ነኝ።

ከሥልጠና ስመለስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እማዬን ማስተማር ጀመርኩ። እንደተማርኩት ነው ያደረግሁት። ሁሉም በሚያየኝ ቦታ፣ ማለትም አልጋዋ ግርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ቀና በሉ፣ ስሙ» አልኩ በቋንቋዋ። እማዬ፣ ሁለት ሰው ደግፎ የሚያስነሳት ሴትዮ፣ በገዛ ክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። ገባት! ደስታዬን የት ላድርገው? የወንድሜን ሚስት ጠርቼ አሳየኋት።

«ተናገሪ» አልኳት። እጇን ዘረጋችና ያችን ዓረፍተ ነገር አለች።

«ጎበዝ፣ ደግመሽ በይ።»

ደገመች። ከበፊቱ ጠርቶ ወጣላት። ጎበዝ አልኳት፤ ደገመች። በየቀኑ እንዲያ ሆነ። የበሩን መከፈት ስትሰማ ራሷ ቀና ብላ ትጠብቀኝ ጀመር፤ አንሶላዋን አስተካክላ፣ ሻሿን አጥብቃ። ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ። «አንደኛ ተማሪዬ እናቴ ናት» አልኳቸው። ጋሽ ድገሙ ይህን ሲሰሙ ቾካቸውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። የሆነ ነገር ሊሉ መስሎኝ ነበር፤ ቾኩን መልሰው አነሱ።

በአምስተኛው ሳምንት እማዬ ዝም አለች። አላመማትም፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ዓይኗ ይከተለናል። ያችን ዓረፍተ ነገር ግን ተወች። «ተናገሪ» ስላት ከንፈሯን ገጥማ እጇን ብቻ ትዘረጋለች።

«ተመስገን ነው» አለ ወንድሜ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ቢያንስ ረጋ ብላለች።»

«መምህር አይደለች? አረጋጋቻት እንጂ» አለች ሚስቱ፣ ልታመሰግነኝ። እኔም ሳልደሰት አልቀረሁም። ግን የምትለምነውን ሳላውቅ ልመናዋን ተወች።

በዚያው ሳምንት የክፍል ሥርዓት የሚባል ትምህርት ላይ ደረስን። ሠልጣኝ ተማሪ ሆኖ ይተውናል፤ አንዱ ረባሽ፣ አንዱ እንቅልፋም፣ አንዱ አርፋጅ። ለኔ አርፋጅነት ደረሰኝ። በር ላይ ቆሜ ጋሽ ድገሙ የሚሉትን ተከትዬ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። እሳቸው እየቆራረጡ አሉ፣ እኔም ተከተልኳቸው። «መምህር፣ ሁለተኛ አላረፍድም።»

ከአፌ ሲወጣ ክው አልኩ። ዜማው የእማዬ ነው። «መምህር» የሚለው የእማዬ ነው፤ «ሁለተኛ» የሚለውም። የሷ መጨረሻው ላይ ብቻ ይለያል። ያን ቃል ደግሞ፣ መልኩ ቢለወጥም፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቀዋለሁ። በየቀኑ አልጋዋ ግርጌ ቆሜ የማዛት እሱኑ ነው። ተናገሪ።

መምህር፣ ሁለተኛ አልናገርም።

ክፍሉ ይስቃል፤ የስፖርቱ መምህር ያጨበጭባል። ትወናው ያማረልኝ መስሏቸዋል። ዞሬ ወጣሁ። ጋሽ ድገሙ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ።

«ያን ቀን ሰምተውታል» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን ሸሸጉኝ?»

ግድግዳውን ተደገፉ። «ትምህርት ቤት እያለን በቋንቋችን ሲያወራ የተያዘ ልጅ ክፍል ፊት ይወጣል። እጁን ይዘረጋል፣ ያችን ይላል፣ ይመታል። ሁላችንም ብለናታል። ለልጃቸው እንዴት አድርጌ ልንገራት ብዬ ነው። ራሷ ትድረስበት አልኩ።»

«እኔ እኮ ጎበዝ እላት ነበር፣ ጋሼ። እጇን እየዘረጋች ሁለተኛ አልናገርም ስትለኝ፣ ጎበዝ፣ ደግመሽ በይ እያልኩ አስጠናኋት።»

ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልቆጣቸው ፈልጌ አቃተኝ፤ ሕጉን ያወጡት ማንም ልጅ እንዳያፍር ብለው ነበር።

«እማዬ በሉልኝ» አልኳቸው። «በቋንቋችሁ ልጅ እናቱን እማዬ ሲል እንዴት ነው የሚለው? ምዕራፉ እስኪደርስ መጠበቅ አልችልም።»

ሕጋቸውን ጣሱልኝ። አጭር ቃል ናት። እስክይዛት ድረስ አብረውኝ ደጋገሟት፤ እሳቸውም ከስንት ዘመን በኋላ የሚሏት ይመስላሉ።

ቤት ስደርስ እማዬ የበሩን ድምፅ ሰምታ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ግርጌ አልቆምኩም። ራስጌዋ ተንበረከክሁ። እጇን ዘረጋችልኝ፤ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ሳምኩት። አላመነችኝም፤ ዓይኗ ጀርባዬን ይመረምራል። ዱላውን የት እንደደበቅሁት እየፈለገች ነበር።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ያችን ቃል አልኳት።

ፊቷ በራ። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። እኔን ግን አላየችኝም። አንገቷን አሰገገችና በትከሻዬ አሻግራ ወደ በሩ ተመለከተች። ከዚያ እጇን ከእጄ አስለቅቃ አንሶላዋን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ እግሯን ከአልጋው ልታወርድ ሞከረች። እናቷ ከትምህርት ቤት ልትወስዳት የመጣች መስሏታል።

«እኔ ነኝ» ልላት ፈለግሁ። በቋንቋዋ አላውቀውም።

የወንድሜ ሚስት መብራት ልታበራ ስትገባ እማዬ ቀና ብላ ሴትዮዋን አየቻት። እናቷ አይደለችም። ዓይኗን መልሳ በሩ ላይ ተከለች። እንዳትወድቅ ትከሻዋን ደግፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እሷ አፏን ገጥማ እናቷን ትጠብቃለች፣ እኔም ከእሷ ጋር በሩን አያለሁ።