የተበሳው ብራና በወይዘሮ ሩቅያ ሞተር

ሐሙስ ጥር ፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ አርብ ገበያ በሚገኘው በወይዘሮ ሩቅያ ወፍጮ ቤት ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ባለቤቲቱ ወይዘሮ ሩቅያ፣ መካኒኩ ደምሌ፣ ሞተሩን የማስነሣው እኔ አስማረ።

ሞተሩ ቆሟል። ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ፣ ደምሌ «ኮፓ» የሚለው፣ ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ዙሪያ ያፈስሳል። በመካከላቸው የሚገባው ማሸጊያ በእርጅና ተበጣጥሷል። ደምሌ ከሳሙና ካርቶን ሁለት ጊዜ ቆርጦ አስገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ ካርቶኑ ዘይቱን ጠጥቶ እንደ ፍትፍት ራሰ። ሞተርን ያለ ዘይት ማስነሣት ደግሞ መግደል ነው።

ወይዘሮ ሩቅያ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም ኢሳ «ሴት ሞተር አታስተዳድርም» እያለ ሲከራከራቸው ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ፤ ወፍጮው በገበያ ቀን ቆሞ ከተገኘ ኢሳ ሞተሩን ነቅሎ ይወስዳል። ነገ ዓርብ ነው፤ ያውም የጥምቀት ገበያ።

ደምሌ ሦስተኛውን ካርቶን አነሣ።

«ይህኛውስ ይይዛል?» አሉ ወይዘሮ ሩቅያ።

«አጥብቄ አስረዋለሁ፣ እትዬ።»

«ትናንትም ወገብህ እስኪንቋቋ አጥብቀኸው ነበር።»

እሳቸውም ባዶው የእህል መስፈሪያ ላይ ተቀመጡና «እንግዲህ ኢሳ ይምጣ» አሉ።

እኔ ከትናንት ጀምሮ ያሰብሁት ነገር ነበረኝ፤ አፌ ግን እንቢ ብሎኝ ነበር። አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በአገሬ በቤተ ልሔም ብራና እየፋቁ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ በዚህ ምክንያት «ፋቂ» ብለው ስለሰደቡኝ፣ አርብ ገበያ ከመጣሁ ለማንም አልተናገርሁም።

«ብራና ቢሆንስ?» አልሁ።

«ጮክ በል እንጂ» አለ ደምሌ። «የምታወራው ከእኛ ጋር ነው ወይስ ከሞተሩ ጋር?»

«ብራና እንደ ካርቶን አይርስም። ልብሴን የምጠቀልልበት አንድ የፍየል ብራና አለኝ። ሲገፈፍ ቢላዋ ስለ በሳው ለመጽሐፍ አልሆነም። አባቴ ብራና ይፍቃሉ።»

ደምሌ ሣቀ። «የፋቂ ልጅ ነህና! አንገትህን ደፍተህ የኖርኸው ለዚህ ነው? ደግሞ የዳዊት መጻፊያ ዘይት ውስጥ ልትነክር! ቄሶቹ ይገዝቱሃል።»

«ምንም አልተጻፈበትም» አልሁ። ጆሮዬ ጋለ።

ወይዘሮ ሩቅያ ብድግ አሉ። «ፍየሏን ያረዳት ክርስቲያን ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ሥጋዋን አልበላም። ቆዳዋ ግን ዘይቴን ትያዝልኝ። ሮጠህ አምጣ!»

ይዤ ስመለስ ደምሌ ኮፓውን አውርዶ ጠብቆኛል። በኮፓው ከንፈር ላይ የተጣበቀውን አሮጌ ማሸጊያ በቢላዋ ፍቄ አጸዳሁ። ያን ጊዜ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ዙሪያው ጎብጦ አየሁት። በአሮጌው የወፍጮ ድንጋይ ላይ አስተኝቼ በእንጨት እየመታሁ አቃናሁት። ከዚያ ብራናውን በልኩ ቆረጥሁ፤ የተበሳውን ቦታ በመካከል ተውሁት፤ ማሸጊያው ዙሪያውን ብቻ ስለሆነ መካከሉ ተቆርጦ የሚወድቅ ነው። አሥራ አራቱን የብሎን ቀዳዳዎች በወስፌ በስቼ በሁለቱም ፊት ዘይት ቀባሁት።

ኮፓውን ከቦታው ስንገጥም ደምሌ መፍቻውን ይዞ የመጀመሪያውን ብሎን እስከ መጨረሻው ሊያጠብቅ ተነሣ።

«ጋሼ ደምሌ፣ እንዲያ አይደለም።»

«ምን አልህ?»

«ቆዳ ሲወጠር በአንድ ወገን ብቻ የሳቡት እንደሆነ በሌላው ወገን ይጨማደዳል። አንዱን ጥቂት፣ ፊት ለፊት ያለውን ጥቂት እያሉ ነው።»

«ይህ ብረት ነው፤ የአባትህ ፍየል አይደለም!»

«ብረቱንም አንድ በአንድ ስላጠበቅኸው ነው የጎበጠው» አልሁ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ ራሴም ደነገጥሁ።

ደምሌ ቀና ብሎ አየኝ። ወይዘሮ ሩቅያ እጃቸውን ዘረጉ። «መፍቻውን ስጠው፣ ደምሌ።»

ከጥግ ወደ ጥግ እየተሻገርሁ አሥራ አራቱንም ሦስት ጊዜ ዞርኋቸው። የብራናው ጠርዝ በዙሪያው ሁሉ እኩል ሲነከስ አቆምሁ።

«ገና ይዞራል እኮ» አለ ደምሌ።

«ይበቃዋል።»

ዘይት ሞላንበትና ሞተሩን አስነሣሁት። ወይዘሮ ሩቅያ ጠብታ ቢወርድ እንዲታይ ሁለት እፍኝ ዱቄት ከሥሩ በተኑ። የራሳቸውን አንድ ቁና ገብስ አምጥተው ጨመሩበት፤ ፈጨነው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ዱቄቱን አየን።

«ይኸው ጠብ አለ!» ሲል ጮኸ ደምሌ።

ወይዘሮ ሩቅያ ክንዱን ያዙት። «የራስህን እጅ ተመልከት።» እውነትም ከክርኑ እስከ ጣቱ ዘይት ነበር፤ የሚንጠባጠበው ከእሱ ነው። ራቅ አደረጉትና ሌላ ቁና ፈጨን። ዱቄቱ ከዚያች አንዲት ነጥብ በቀር ነጭ ሆኖ ቀረ።

ደምሌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ለመሆኑ አባትህ ሌላ የተበላሸ ብራና አላቸው?»

«አላቸው።»

«ለጥምቀት አገርህ ስትሄድ አምጣልኝ። የት እንዳገኘሁት ግን ለሰው አልናገርም።»

«ብትናገርም ግድ የለኝም» አልሁት።

በማግስቱ ዓርብ ወፍጮው ከጧት እስከ ማታ ፈጨ። ኢሳ ረፋዱ ላይ ከአራት ተሸካሚዎች ጋር መጣና ሰልፉን አይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።