የወንዝ ማዶ ጭስ

ባረንድ ላተጋን ጨረታ አያመልጠውም ነበር። ከተራሮቹ ወዲህ ባለው ሸለቆ ሰው ሞተ ወይም ርስቱን ሸጦ ወደ ምሥራቅ ሊሰደድ ነው ከተባለ፣ ግራጫ ፈረሱን ጭኖ ከሁሉ ቀድሞ ከተፍ ይላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ለእቃው ብሎ አልነበረም። ጨረታ ላይ በግ ይታረዳል፣ የወይን ጠጅ በነጻ ይቀዳል፣ ከሁሉም በላይ ሰው አለ። ሚስት ያላገባ፣ ልጅ ያልወለደ፣ ቀኑን ሙሉ ከፈረሱ ጋር ሲያወራ የሚውል ሰው ሌላ የት ይሂድ?

በኬፕ፣ በደቡብ አፍሪቃው ጫፍ፣ እርሻ ሲሸጥ ሁለት ጊዜ ነው የሚጫረቱት። መጀመሪያ ዋጋው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍተኛውን የጠራ ሰው ለድፍረቱ የገንዘብ ጉርሻ በእጁ ይሰጠዋል። ቀጥሎ አጫራቹ ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ዋጋ ይነሳና እየቀነሰ ይወርዳል፤ ቀድሞ «የኔ!» ያለ ሰው እርሻው የሱ ነው። ማንም ትንፍሽ ካላለ ግን ጉርሻውን የበላው ሰው ራሱ በጠራው ዋጋ እርሻውን ይሸከመዋል። በጉርሻ ተጎምጅተው ያላሰቡት እርሻ አንገታቸው ላይ የወደቀባቸው ሞልተዋል። ባረንድ ግን ስንቱን ጉርሻ ሲበላ አንድ ቀን ተይዞ አያውቅም። ማን ልቡ እንደቋመጠ ከፊቱ ያውቃል። የሱን ፊት ግን የሚያውቅ የለም። «የፈለጋችሁትን ነገር አትዩት፤ ካያችሁት ይወደዳል» ይላቸው ነበር ጎረምሶቹን፣ ትልቅ ጥበብ ያካፈላቸው ይመስል።

የዚህ ጥበበኛ ጎረቤት አሌታ ስዊገርስ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ወደ ምሥራቅ ርቆ ሄዶ የቀረ። ሁለቱ ቤቶች ወንዙን መሐል አድርገው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ባረንድ በየማለዳው እህል ውኃ ሳይቀምስ በረንዳው ላይ ይወጣና የሷን ጭስ ማውጫ ያያል። ጭሱ ካለ «ደህና አደረች» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድ ክረምት ጭሱ ቀርቶበት በሞላ ወንዝ ፈረሱን ነድቶ ሲደርስ፣ በንዳድ ወድቃ አገኛት። ያኔ ከነበሰበሰው ልብሱ ተንበርክኮ እሳት ሲያነድላት የሚያየው ሰው፣ ይሄ ሰውዬ ወዷታል ባለ ነበር። የሚያየው ግን አልነበረም። እሱም አልተናገረም።

እሑድ እሑድ ማታ ግን ይሄዳል። በረንዳዋ ላይ በጠፍር የተሠራች፣ አንድ እግሯ የምታነክስ ወንበር አለች፤ የሱ ናት። እዚያ ላይ ተቀምጦ ስለ ስንዴው፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ነፋሱ ያወራሉ። ይህን ያህል ዓመት ተጎራብተው አሁንም እርስዎ ነው የሚባባሉት።

እሷ ናት ታዲያ እርሻዋን ልትሸጥ ነው የተባለው። ቸግሯት አይደለም፤ ጎተራዋ ሙሉ ነው። ማታ ማታ ከግድግዳ ጋር ማውራት ሰለቸኝ፣ ልጄ ነይ ብሎኛል ስትል ለቄሱ ሚስት መናገሯን ባረንድ ወፍጮ ቤት ሰማ። ዱቄቱን እዚያው ረስቶ ነው ቤቱ የገባው። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ግን መላ አገኘ። በጎቹን ሸጦ እርሻዋን ይገዛል፤ ገዝቶም ይቀመጡ፣ የትም አይሂዱ ይላታል። አስቀድሞ ሄዶ ለምን አይነግራትም? የጨረታ ሰው ነዋ! ፍሊፕ ኦደንዳል የሚባለው የላይኛው ባለርስት ውኃዋን ከተመኘ ቆይቷል፤ ባረንድ እርሻውን ፈልጎታል የሚል ወሬ ከሰማ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅለዋል። ደግሞም፣ አይደበቅ፣ ፈርቷል። እምቢ ብትለው በማግሥቱ ያንን ጭስ በየትኛው ዓይኑ ሊያየው ነው?

በጨረታው ዋዜማ ሊሰናበታት ሄደ። አሌታ በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ወንዙ ስታይ ቆየችና ቀስ ብላ፣ «የሚያስቀረኝ ሰው ቢኖር እኮ አልሄድም ነበር» አለች።

ነገሩ ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ባረንድ ባርኔጣውን አሽከረከረው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገ ነፋስ ሳይነሳ አይቀርም» አለ።

«ይነሳ ይሆናል» አለችና ገባች።

በማግሥቱ ግቢው በሰረገላ ተጨናነቀ። በጉ ይጠበሳል፣ ጠጁ ይወርዳል። አጫራቹ ትሩተር፣ ቁመቱ አጭር ድምፁ ግን የደወል ሆኖ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ የቤት እቃውን አንድ ባንድ መቸብቸብ ጀመረ። የላባ ፍራሹን ተራራ ስር ያሉት ወሰዱት፤ ቅቤ መናጫውን አንዷ ሙሽራ፣ የሟቹን ኮርቻ የማያውቁት መንገደኛ። አሌታ በረንዳው ላይ ቆማ ቤቷ በየሰዉ ሰረገላ ተበትኖ ሲጫን ታያለች። ሽማግሌው ሠራተኛዋ አፖሎስ ግን ርቆ በሬዎቹ ዘንድ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የባሮች ነጻነት ከታወጀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ በልጅነቱ እንዲህ ካለ ጠረጴዛ አጠገብ አቁመው እሱን ላንዱ፣ እናቱን ለሌላው ሸጠዋቸዋል። ለሱ ጨረታ ድግስ ሆኖ አያውቅም።

ትሩተር ያቺን አንካሳ ወንበር አነሳ። ማን ሲቀመጥባት እንደኖረ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግቢው በሳቅ ሞላ፤ ሁሉም ወደ ባረንድ ዞረ።

«ኦም ባረንድ፣ ኧረ መቀመጫዎን ሊወስዱብዎ ነው!» አለ አንዱ ጎረምሳ። እዚያ አገር ታላቅ የሆነ ወንድ ሁሉ ኦም ነው።

አሌታ ከበረንዳው ታየው ነበር። ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። ባረንድ ደግሞ ዓይኑን የፈረሱ ጆሮ ላይ ተክሎ ዝም። ለወንበሯ እጁን ቢያነሳ ልቡ ይታወቅበታላ! ፍሊፕ ለቀልድ ያህል ባንድ ዶሮ ዋጋ ገዛትና ያን የሚያህል ሰውነቱን እዚያው አሳረፈባት። አሌታ አንገቷን ደፋች።

ተራው የእርሻው ሆነ። ዋጋው ሲወጣ ባረንድ ከፍተኛውን ጠራና ጉርሻውን ተቀበለ። ሰዉ ኪሱን ስፉለት፣ እንዳይፈስበት እያለ ተሳለቀ። ትሩተር ከላይ ተነስቶ መውረድ ሲጀምር ሁሉም ፍሊፕን ነው የሚያየው፤ እሱ «የኔ» ይላል፣ ባረንድም እንደ ልማዱ ጉርሻውን ይዞ ይሄዳል። ባረንድ ዕድሜውን ሙሉ በዚህች ሰዓት ሰው እንዲጮህ ነበር የሚጸልየው። ዛሬ ማንም እንዳይጮህ ጸለየ። ዋጋው ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ፍሊፕ ፒፓውን ነክሶ ተቀምጧል። ሊናገር ሲል ፒፓውን ከአፉ እንደሚያወጣ ባረንድ ያውቃል። እጁ ወደ ፒፓው ሲሄድ አየ።

«የኔ!» አለ ባረንድ።

አንዳንዱ ሽማግሌው ጃጀ ብሎ ሳቀ፤ ኋላ ግን ሳቁ ቀረ። ትሩተር በመዶሻው ጠረጴዛውን መታ። ባረንድ ማንንም ሳያይ ወደ በረንዳው ዞረ። አሌታ እዚያ አልነበረችም።

ጓዳ ገብታ መኝታዋን ጠቅልላ ስታስር አገኛት። ባዶው ቤት የጫማውን ድምፅ መልሶ ይጮኽበታል።

«ለእርስዎ ብዬ ነው የገዛሁት» አላት፣ ባርኔጣውን ይዞ። «የትም አይሂዱ። እንደ ነበሩት ይቀመጡ። ከፈቀዱ ደግሞ እኔም...»

ወንበር የለምና አሌታ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች። «ትናንት ማታ ያልኩትን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተው ነው ስለ ነፋስ ያወሩኝ?»

ስለ ፍሊፕ፣ ስለ ውኃው፣ ፍላጎቱ ቢታወቅ ዋጋው እንዴት እንደሚንር አስረዳት። ከአፉ ሲወጣ ለራሱም አስጠላው።

«የትናንቱ ይቅር» አለች። «ዛሬ ወንበሯ ስትሸጥ አየሁዎት። ጣትዎን ብቻ ቢያነሱ ኖሮ አፖሎስን ሰረገላውን አራግፍ እለው ነበር።»

«ያንድ ዶሮ ዋጋ እኮ ናት፣ አሌታ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።» እንባዋ ወረደ፣ አልደበቀችውም። «ዋጋዬ እስኪወርድ ጠበቅከኝ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ቢሆንም ለመናት፤ ዕድሜውን ያልለመነ ሰው ያወቀውን ያህል ለመነ። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እኔ ደጁንም አልረግጥ፣ ብቻ እዚህ ይሁኑ አላት። እሷም ሳትቆጣ ሰማችውና አይሆንም አለች። ሰው ከአልጋና ከድስቱ ጋር ተሸጠች ቢል ግድ እንደሌላት፣ ግን በየማለዳው ስትነሳ ራሷን የተገዛች እየመሰላት መኖር እንደማትችል ነገረችው። ውጭ አፖሎስ በሬዎቹን ሲጠምድ ይሰማል። ባረንድ በመስኮቱ አየውና ከዚያ በላይ አልለመናትም። ጥቅሉን ተሸክሞ ሰረገላው ላይ ጫነላት።

እጇን ሰጠችው። «ለጉሮሮህ ማር አትርሳ፤ ክረምት ሲገባ ያስልሃል» አለችው። ሰረገላው እስኪጠፋ ድረስ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። ሌላው ሰው ጠጁ ሲያልቅ ተበተነ።

በማግሥቱ ማለዳ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ወጣ። ከወንዝ ማዶ ምንም የለም። የሷ ጭስ ማውጫ ንጹሕ ሰማይ ላይ ተገትሯል። ሥራ ልጀምር ብሎ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ። በመጨረሻ ወንዙን ተሻግሮ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተና ገባ። ከጨረታው የተረፈ የሣጥን ስብርባሪ ለቃቅሞ ምድጃው ላይ አነደደ፤ ተንበርክኮ እፍ አለበት፣ እንደዚያ ክረምት።

እሳቱ ሲያያዝ ተነስቶ ሮጠ። በዚያ ዕድሜው ወንዙን በእግሩ እየተንቦጫረቀ ተሻግሮ፣ ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ፣ በረንዳው ላይ ደርሶ ዞረ። ጭሱ ነበር፤ ቀጭን ሆኖ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

«ደህና አደረች» አለ ባረንድ።

እንጨቱ ትንሽ ነበርና ጭሱ ብዙ አልቆየም።