ጫጩቶቹ በሌላኛው እጅ ናቸው

በዚያ ሆስፒታል የጀሶ ክፍሉን ባለሙያ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሐኪሙም ዘበኛውም «ጋሽ ጀሶ» ነው የሚሉት። ለነገሩ ከጥፍሩ ሥር ነጭ ዱቄት ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፋሻውን ለብ ባለ ውሃ ሲነክር፣ ሲጠመጥም፣ በመዳፉ ሲያለሰልስ ኖሯል። እሱ የጠገነው አጥንት ተንጋዶ አያውቅም። ሥዕሉ ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ አያድርስ ነው።

ሕፃን ሲመጣለት ጀሶው እስኪደርቅ አግዳሚው ወንበር ላይ ያስቀምጠውና ጀሶው ላይ በማርከር ዶሮ ይስልለታል። ዶሮ ብቻ! አንበሳ የለመነም፣ መኪና የለመነም የሚያገኘው ዶሮ ነው። አንዴ ተሟግተው ያሳሉት ፈረስ እንኳ እንቁላል ሊጥል የተቀመጠ ይመስል ነበር። ልጆቹ ግን ምን ገዷቸው፤ እያለቀሱ የገቡት እየሳቁ ይወጣሉ። «ጫጩቶቿስ የታሉ?» ብለው ሲጠይቁት የማይለወጥ መልስ አለችው። «ጫጩቶቹ በሌላኛው እጅ ናቸው!» ይላል። ልጁ ይስቃል፣ እናት ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል። ያቺን ሳቅ ካልሰማ የዋለበት ቀን ቀን አይመስለውም።

ሚጢጢ መጀመሪያ የመጣችው ግራ እጇ ተሰብሮ ነው። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ስድስት ዓመቷ ነው ቢሉትም የአራት ዓመት ልጅ ነው የምታክለው። ይዛት የመጣችው አክስቷ ናት፤ ከራሷ አራት ልጆች ጋር የምታሳድጋት፣ የሰው ልብስ አጥባ የምታድር፣ ቆማ የምታንቀላፋ ሴት። ክፋት የለባትም፣ ጊዜ ነው የሌላት። ልጅቷ ፋሻው ሲጠመጠም ጭጭ ብላ ቆየችና ዶሮዋ ስትሳል ፊቷ ወገግ አለ። ጋሽ ጀሶም የለመዳትን ቀልድ ጣል አደረገ። ሚጢጢ ግን አልሳቀችም፤ ደህነኛውን እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው። እሱ ልብም አላለው። ከየት ብሎ ልብ ይለዋል?

በስድስት ሳምንቱ ጀሶው ተፈታ። ከተፈታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሚጢጢ እንደገና በሩ ላይ ቆማ አያት። ቀኝ እጇ በሻርፕ አንገቷ ላይ ታስሯል፣ በግራዋ የራጅ ፊልሟን አቅፋለች። አጥንቱ የተሰበረ ልጅ ያለቅሳል፤ የዚች ጥርስ ግን አልከደን አለ።

«ጋሼ! አሁን ጫጩቶቹን!»

ጋሽ ጀሶ ባልዲውን እንደያዘ ክው አለ።

«ምን ሆና ነው?» ሲል አክስትየዋን ጠየቃት።

«ከአጥር ላይ ወደቀች። እኔ ልብስ አጠባ ላይ ነበርኩ። ምን ላድርጋት ጋሼ፣ አንድ ዓይኔ ለስንቱ ይዳረስ?»

አክስትየዋ ካርዱን ልታስፈርም ወጣ ስትል ሚጢጢ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«አልወደቅኩም፤ ዘልዬ ነው። መጀመሪያ ስዘል ምንም አልሆንኩም። ሁለተኛም ምንም። በሦስተኛው ተሳካልኝ።»

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል። ይሄ ሲተረት ስንት ጊዜ ራሱን ነቅንቋል! አሁን በገዛ ምላሱ የተሰበረውን አጥንት ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። ፋሻው ሁለት ጊዜ ከእጁ አምልጦ ባልዲው ውስጥ ገባ።

«የኔ እናት፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው! ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! ለዶሮ ብለሽ እጅሽን?»

«ለዶሮዋ ብቻ አይደለም» አለች፣ ትልቅ ሰው ለትንሽ እንደሚያስረዳ ረጋ ብላ። «ዶሮዋ ስትኖር ሰው ያቆመኛል። ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ ‹እስቲ አሳዪኝ› አለኝ። አስተማሪያችን በስሜ ጠራችኝ። አክስቴም በአንድ እጅ አይሆንልሽም ብላ ፀጉሬን አበጠረችልኝ። ሲፈታ ግን ሁሉም ተዉኝ።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? አንጀቱን በላችው። «ሳትሰበሪ ነይ፣ እስልልሻለሁ» አላት። «ዘበኛው ካርድ ይላል» አለችው። እውነቷን ነው፤ ደግሞም መንገዱ ሁለት አውቶብስ ነው፣ አክስትየዋ ለሥዕል ብላ ሥራ ፈትታ አታመጣት። «እሺ፣ ወረቀት ላይ ልሳልልሽና ይዘሽ ሂጂ» አላት። «ወረቀት ማን ያያል?» አለችው።

ጀሶውን ጠምጥሞ ሲጨርስ አክስትየዋ ተመለሰች።

«እህቴ፣ ይቺ ልጅ ወድቃ አይደለም። አስባበት ነው የዘለለችው። እባክሽን ዓይንሽን ከእሷ ላይ አትንቀይ።»

«ኧረ ጋሼ! ማን ወዶ አጥንቱን ይሰብራል? ወሬኛ ናት እኮ፣ ዝም ብላ ትቀባጥራለች!»

ሁለቴ ነገራት፣ ሦስቴ ነገራት፤ ሳቀችበት። ሐኪሙ ዘንድ ሄዶም ነገረው። ሐኪሙ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ጫር አደረገና ቀጣዩን በሽተኛ አስገባ። ምን ያድርግ እሱስ፣ ኮሪደሩ ላይ ሃያ ሰው ተኮልኩሎ ይጠብቀዋል።

ጋሽ ጀሶ ማርከሩን ይዞ ቆመ። ቢስል ሌላ አጥንት ሊያሰብር ነው፤ ባይስል ደግሞ ሦስት ጊዜ የዘለለችለትን ነገር ሊነፍጋት ነው። ጨነቀው፣ ጠበበው። ኋላ አንድ ዘዴ የመጣለት መሰለው፦ ምንም ሳያስቀር መሳል። ዘጠኝ ጫጩት ሳለ። አውራ ዶሮውን ሳለ። ቤታቸውን ሳለ፣ የሚለቅሙትን ጥሬ ሳለ፣ አክስታቸውንና አያታቸውን ሳይቀር ሳለ። ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ አንዲት ባዶ ቦታ አልቀረችም።

«በቃ፣ ቤተሰቡ ሞላ!» አላት። «ከእንግዲህ የቀረ ዶሮ የለም። ሌላ እጅ ላይም፣ የትም ላይ ምንም የለም። ሰማሽኝ?»

«እሺ ጋሼ» ብላ ጉንጩን ሳመችው።

ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ሰው ሁሉ ተቀበላት። «ነይ እስቲ እንያት!» «ወይ ጉድ፣ ይሄኛው ደግሞ ኮፍያ አድርጓል!» «ማን ይባላል የኔ ቆንጆ ስምሽ?» እያንዳንዱ ዘንድ እየቆመች ጫጩቶቹን አንድ በአንድ አስቆጠረች፤ ሳቋ እስከ ጀሶው ክፍል ተሰማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረለት ሳቅ ነው። ዛሬ ግን ፈራው።

መውጫው ጋ ስትደርስ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ወደሚያያት ጋሽ ጀሶ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ መቼ ነው የሚፈታው?»

«ኧረ ገና ነው! ብዙ ቀን።»

«ያኛው ስድስት ሳምንት ነበር» አለች፤ ፊቷ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። «እግር ሲሆንስ?»

መልሱን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ረስታው ትሄዳለች ብሎ ያልሰማ መሰለ። አክስትየዋ ግን አውቶብሱ እንዳያመልጣት ደህነኛ እጇን ይዛ እየጎተተቻት፣ በቅን ልቧ መለሰችላት።

«እግርማ ይቆያል እንጂ! የጎረቤታችን ልጅ ሦስት ወር ሙሉ አይደል እንዴ ሰው ሁሉ እየተመላለሰ ሲጠይቀው የከረመው?»

«ሦስት ወር» አለች ሚጢጢ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ።