ታዊ ያልከፈታት ክዳን

ካፒቴን ታዊ ማዕበል አይፈራም፤ ይሉኝታ ግን ይገድለዋል። ሚስቱ ላማይ ይህን ታይላንድ ላለው ለላንግ ሱዋን ወደብ ሁሉ ስትናገር ኖራለች፤ የማያምናት የለም።

ዘንድሮ፣ ዓሣ ማጥመድ በሚከለከልበት ወራት፣ የታዊ ጀልባ እንደታሰረች፣ ሰው ሁሉ ውኃ የሚረጫጭበት የአዲስ ዓመት በዓል፣ ሶንግክራን ደረሰና አዲሱን የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ አስባረኩት። መሣሪያውን የሸጠላቸው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ዊሩትም የክብር እንግዳ ሆኖ መጣ። የሰውየው ደስታ ልክ አልነበረውም። ሌላው ለበረከት በሳህን የቀረበውን የአበባ ውኃ በጣቱ ጠብ ጠብ ሲያደርግ፣ እሱ ከመሣሪያው ጎን ያለችውን የጎማ ክዳን ከፈተና "በረከቱ ልቡ ድረስ ይግባ እንጂ" ብሎ ሳህኑን ሙሉ ገለበጠበት። ታዊ እያየ ነበር። ተው ሊለው ቃጣውና እንግዳ ማሳፈር ሆነበት፤ ፈገግ ብሎ አመሰገነ። መሣሪያው ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አልገለጠም።

አሁን እገዳው ሊነሳ ነው። ሠራተኞቹ ደግሞ መሣሪያው ካልተሠራ የጎረቤት ጀልባ ላይ እንደሚሳፈሩ ቁርጡን ነግረውታል። ታዊ ሰሞኑን ምግብም አልበላ ብሎታል።

ከድርጅቱ የተላከችው ጥገና ሠራተኛ ኦራታይ ጫማዋን አውልቃ ጀልባዋ ላይ ወጣች፤ ጠባቂዋ መንፈስ ያርፍበታል ለሚባለው፣ ሪባን ለተጠመጠመበት የጀልባዋ አፍንጫ እጅ ነሳችና ወደ መሣሪያው ዞረች።

"ምን ነካው፣ አጎቴ?"

"ዝናብ ሳይሆን አይቀርም፣ ልጄ።"

"አዎ፣ ዝናብ" አለች ላማይ፣ ዓሣዋን እየከተፈች። "ቦርጫም ዝናብ።"

ኦራታይ የጀርባውን ብሎን ፈትታ ከፈተችው። መጀመሪያ በበዓሉ ውኃ የሚበጠበጠው ነጭ ዱቄት፣ ቀጥሎ የደረቀ የጃስሚን አበባ ጭኗ ላይ ወደቀ። አበባውን አንስታ አሸተተችው።

"እናንተ ሰፈር ዝናቡ አበባም ያወርዳል?"

የታዊ ጆሮዎች ቀሉ። "እሺ፣ እኔ ነኝ። ክዳኑን ከፍቼ የበረከቱን ውኃ ያፈሰስኩት እኔው ነኝ።"

"እንደሱ ከሆነማ ዋስትናው አይሸፍነውም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ካፈሰሰበት እኔ ምን አደርግልዎታለሁ?" አለች። ከልቧ አዝናለታለች።

ላማይ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ንገራት።"

"ነገርኳት እኮ።"

"እሱን አይደለም።"

"አንቺ ዓሣሽን ክተፊ።"

ኦራታይ ሁለቱንም አየቻቸው። "በሉ እንግዲህ፣ እንዴት እንደከፈቱት ያሳዩኝና ለድርጅቱ ፎቶ ላንሳ።"

ታዊ ጎንበስ አለ። በአውራ ጣቱ ከላይ ሞከረ፣ ከታች ሞከረ፣ በጥፍሩ ቧጠጠ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ክዳኗ ንቅንቅ አላለችም። ላቡ በአፍንጫው ይወርድ ጀመር።

ላማይ ሳቋ አመለጣት። "የኔ ባል የሻምፑ ክዳን እንኳ በጥርሱ ነው የሚከፍተው።"

"አጎቴ፣ ይቺ ተጭነው ወደ ጎን ሲገፏት ነው የምትከፈተው" አለች ኦራታይ በለሆሳስ። "እዚህ ወደብ ላይ ከእኛ ድርጅት ሰው በቀር የሚያውቃት የለም። ማንን ነው የሚሸሽጉት?"

ታዊ እግሩ ሥር አየ። "ጀልባዬን ሊባርክ የመጣ እንግዳ ነው። እንዴት አሳልፌ እሰጠዋለሁ?"

"ቦርጫም ነው? ሲስቅ ሳል የሚይዘው?"

"ራሱ" አለች ላማይ።

ኦራታይ እዚያው ለአለቃዋ ለዊሩት ደውላ የሆነውን ነገረችው። ሳቁም ሳሉም አልተሰማም። "ጥፋቱ የኔ ነው። ምትኩን ነገ ራሴ ይዤ እመጣለሁ" አለ። ታዊ ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ለሰውየው አዘነለት።

በማግስቱ ዊሩት ካርቶኑን ታቅፎ መጣ። መሣሪያው ተገጥሞ በራ፤ ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ መረባቸውን መጫን ጀመሩ። ዊሩት ግን የሚገባበት ጠፍቶት ጥግ ይዞ ቆመ። ላማይ ልትተርበው አፏን ስታሾል ታዊ ቀደማት። ሳህኑን የአበባ ውኃ ሞልቶ በሁለት እጁ አቀረበለት።

"ያለ እርስዎ አይባረክም።"

ዊሩት ሳህኑን ተቀብሎ አመነታ። ታዊ ፈገግ አለና ሰፊ መዳፉን ክዳኗ ላይ ደፋባት።

"ያፍስሱ" አለ።

ዊሩት እየሳቀ፣ እየሳለም፣ በካፒቴኑ እጅ ላይ አፈሰሰ።