ሁለት ተርጓሚ ያለው ፊልም

ሳላሀዲን ከመምጣቱ በፊት ሁኔታው እንዲህ ነበር። ውጭ አገር፣ ታርኔት በሚባል ሰፈር፣ ኒስሪን ቤት፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አባቷ ጋሽ መሐመድኑር ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው በመስኮቱ በኩል ይቀመጣሉ። የግራ ዓይናቸውን ስኳር በሽታ አጥፍቶታል። በቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ፊትና ፊደል ግን አይለዩም። ለቀኙ ዓይናቸውም በየወሩ ሆስፒታል መርፌ ይወጋሉ። መርፌው ከተቋረጠ የቀረውም ብርሃን እንደሚጠፋ ሐኪሙ ተናግሯል። እሳቸው ግን ደሴ ልመለስ ብለው ኒስሪንን ትኬት ቡክ አድርጊልኝ ካሉ ሰንብተዋል።

“ደሴ ብታወር የሚሆነውን የሚነግረኝ ሰው አለ” አሏት። “እዚህ ሁሉም አይቶ ዝም ነው።”

ጋሽ መሐመድኑር ደሴ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። የሚያሳዩት አብዛኛውን ጊዜ የህንድ ፊልም ሲሆን፣ ሳላሀዲን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ለተመልካቹ ይተረጉም ነበር። ህንድኛ ከየት እንደተማረ የጠየቀው የለም። አሁን በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዳንደኖንግ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ኒስሪን ለአባቷ ፊልም እንዲተረጉምላቸው ስትደውልለት የቅዳሜ ሺፍቱን ቀይሮ ከተማውን አቋርጦ መጣ።

የሽማግሌውን ወንበር ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረና ምን እንደሚያሳያቸው ጠየቀ። የሚያስቅ አሉት። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተቀበረ የወርቅ ሳጥን ስለሚፈልጉ አራት ጓደኛሞች የሚያወራ የህንድ ፊልም ከፈተ።

እንደ ድሮው ቆሞ ጀመረ። ዋናውን ሰውዬ “አክተሩ”፣ ክፉውን “ቦሱ” አለው። ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያየው ፊትና እጅ ነው። ወፍራሙ ጓደኛ አካፋ ይዞ መሰላል ሲወጣ መሰላሉ ተንሸራተተና ኖራ የተሞላ በርሜል ውስጥ ወደቀ።

“‘እናቴ ያኔውኑ ነጋዴ ሁን ብላኝ ነበር’ ይላል” አለ ሳላሀዲን።

ጋሽ መሐመድኑር ሳቁ።

ምንጣፉ ላይ የተቀመጠችው የኒስሪን ልጅ ሰልሳቢል ግን ጽሑፉን ታነብ ነበር። ሳላሀዲን ከራሱ እየፈጠረ እንደሚያወራ ለእናቷ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ኒስሪን በዓይኗ ገሠጸቻት። አባቷ እንደ ሕፃን አታለሉኝ ካሉ ትኬቱ ነገ እንደሚቆረጥ ታውቃለች።

“ምን አለች?” አሉ ሽማግሌው።

“ምንም አላለች፣ አባ።”

“አንቺን አልጠየቅሁም። ሰልሲ፣ ምን ይላል?”

ልጅቷ በእንግሊዝኛ መለሰች።

“በአማርኛ።”

ሰልሳቢል ቃል ፈለገች። “‘መሰላሉን ማን ያዘው?’ ይላል። ስለ እናቱ አላለም።”

ኒስሪን ፊልሙን አቆመችው።

“ይሄ ድሮም ህንድኛ አያውቅም” አሉ ጋሽ መሐመድኑር። “አንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ አስገብቼ፣ ሁለት ፊልም አድርጎልኛል።”

“ያውቁ ነበር እንዴ፣ ጋሼ?”

“ቪዲዮ ቤቱ የኔ አይደል? ኒስሪን፣ ክፈቺው።”

ከዚያ በኋላ በእሳቸው ትእዛዝ መጀመሪያ ሰልሳቢል የተጻፈውን፣ ቀጥሎ ሳላሀዲን የራሱን መናገር ጀመሩ። ኒስሪን በየንግግሩ ፊልሙን ታቆማለች። ልጅቷ አካፋን “ትልቁ ማንኪያ” ስትል አያቷ አረሟት፤ ቃሉንም ሦስት ጊዜ አስባሏት። ቦሱ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ “ነገ ተመለሱ” እንደሚል ሰልሳቢል አነበበች። ሳላሀዲን ደግሞ የአክተሩን አክስት ወዶ ነው የመጣው አለ።

“አክስት የለችም” አለች ልጅቷ።

“ቆይ፣ ትመጣለች።”

ሽማግሌው አክስቲቱ ትኑር ብለው ፈረዱ።

መግሪብ ሲደርስ ሳላሀዲን ተነሣ፤ ነገ ማለዳ ሥራ አለው። ሳጥኑ አልተገኘም። ጋሽ መሐመድኑር መቼ እንደሚመለስ ጠየቁት፤ የሚመጣው ቅዳሜ አለ።

ከዚያ ወደ ኒስሪን ዞረው “ትኬቱ ሳጥኑ እስኪገኝ ይቆይ” አሏት።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ያዩት ሠላሳ አንድ ደቂቃውን ብቻ ነው።