«እናያለን» ያሉት ርዕሰ መምህር

ፖስታው ነጭ ነበር። ሰዓደት ይህን ያስተዋለችው ልጇ ዱንያ ፖስታውን ይዛ የሰባተኛ ሰፈርን መታጠፊያ አልፋ ከዓይኗ ከተሰወረች በኋላ ነው። ሰዓደት ለርዕሰ መምህሩ የጻፈችውን ደብዳቤ ከትታ ያሸገችው ፖስታ ግን ካኪ ነበር። ተመልሳ ወደ ሱቋ ሮጠች። ካኪውን ፖስታ ከተደራረቡት ሳፋዎች መሀል ተሸጉጦ አገኘችው።

«ያ ረቢ! ምን ጽፋ ይሆን ይዛ የሄደችው?»

ሰዓደት ከሁሉ አስቀድሞ ክፉ ክፉው ነው የሚታያት። ሰማዩ ካጉረመረመ ሱቁ በጎርፍ ሲወሰድ፣ ባሏ ለዕቃ መንገድ ከወጣ መኪናው ሲገለበጥ ይታያታል። በዱንያ ነገር ግን ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጅቷ ጫጫታ አትችልም፤ የሳፋ ኳኳታና የኩሊ ጩኸት እንደ መርፌ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። ሰው የተናገረውንም እንዳለ ነው የምትወስደው። ጎረቤት ለወጉ «እንብላ» ካላት እጇን ታጥባ ትቀመጣለች። ሐኪሙ «ኦቲዝም ይባላል» ካለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሰዓደት ግን ቃሉን ለማንም አልተነፈሰችም። ሰፈሩ «አማኑኤል ውሰዷት» ለማለት ቅርብ ነው።

ባለፈው ፈተና ጊዜ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከታክሲ ተራው የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለነበር፣ ረዳቶቹ «የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» ሲሉ ዱንያ ጆሮዋን ይዛ ወጥታ ሮጠች። ዜሮ ተሰጣት። ሰኞ የሚጀመረው የዘጠነኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተናም እንዲሁ ከሆነባት ከትምህርት ቤት ትሰናበታለች። ዛሬ ሐሙስ ነው። የሄደችውም መፈተኛ የሚሆን ፀጥ ያለ ክፍል ይሰጠኝ ብላ ርዕሰ መምህሩን ልትጠይቅ ነው።

ትናንት ዱንያና ጓደኞቿ ከሱቁ ጀርባ አጠያየቋን ሲለማመዱ ሰዓደት በመጋረጃው በኩል ሰምታቸው ነበር። ዱንያ ሁለት ጓደኞች አሏት፤ ሲያነብ ፊደል የሚዘልበት ፉርቃንና አምስት ደቂቃ አርፋ መቀመጥ የማትችለው ሩታ። ሦስቱም የተዋወቁት በማጠናከሪያ ትምህርት የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሩታ ጀሪካን ላይ ተኮፍሳ ርዕሰ መምህሩን ሆነች።

«እሺ ልጄ፣ እናያለን» አለች ድምፅዋን አጎርንና።

«መቼ?» አለች ዱንያ።

«እንዴ! አንቺ ልጅ፣ እናያለን ማለት እኮ አናይም ማለት ነው!»

«ታዲያ ለምን አናይም አይሉም?»

«ይሉኝታ ይዟቸዋ» አለ ፉርቃን። ትንሽ አሰበና፣ «ግን አናይም እስካላሉ ድረስ እናያለን ነው ያሉት። አንቺ በቃላቸው ያዣቸው።»

ሰዓደት ይህን ስታስታውስ ልጇ ርዕሰ መምህሩን ስትሞግት ታያት። ሱቁን ለጎረቤቷ ለእትዬ በለጥሻቸው አደራ ብላ፣ ካኪውን ፖስታ ብብቷ ውስጥ ከታ ወጣች።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ሦስቱ ልጆች ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበሩ። ሩታ ብቻ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች።

«ምን አሉሽ?»

«ፀጥ ያለ ክፍል እፈልጋለሁ ብዬ የጻፍኩትን ሰጠኋቸው፤ እናያለን አሉ። መቼ ስላቸው ከሰዓት አሉኝ። ከሰዓት እስኪሆን እየጠበቅን ነው።»

«ውይ ልጄ! ይሄ እኮ ሂዱልኝ ነው። ተነሺ፣ ጥርስ ውስጥ ሳትገቢ እንሂድ። ይኸው፣ እኔ በደንብ ለምኜ ጽፌልሻለሁ፤ ይሄን አስቀምጠንላቸው...»

ዱንያ ፖስታውን ቀድዳ ደብዳቤውን አነበበችው። «‹ለምስኪኗ በሽተኛ ልጄ ይዘኑላት› ይላል።»

«እና ምን ልበል?»

«እኔ ምስኪን አይደለሁም። እንዲያዝኑልኝም አይደለም የመጣሁት። ክፍል ነው የምፈልገው፣ እማ።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። አልተቆጣችም። የሳፋ ዋጋ የነገረቻት ያህል ነበር።

ሩታ፣ «ማዘር፣ አይዞዎት፣ ይቀመጡ» ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ለነገሩ ቦታው ከተለቀቀ ቆይቷል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ርዕሰ መምህሩ ጋሼ እንድሪስ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ። አራቱን ሲያዩ እግራቸው ተገታ፤ ሰዓደትን ለይተው ሲያውቁ ግን ፊታቸው ፈካ።

«እሰይ፣ እናቷ መጡ! በሉ ይዘዋት ይሂዱ፤ ጥያቄዋን ሰምተናል።»

ሰዓደት ለይቅርታ አፏን ከፈተች። ለሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ባለ የቢሮ በር ላይ የለመደችው ቃል እሱ ብቻ ነበር። ዱንያን አየቻት። ልጅቷ ጆሮዋን አልያዘችም፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ያመለከተችው እሷ ናት፣ ጋሼ» አለች ሰዓደት። «እሷኑ ያናግሯት።»

«ከሰዓት ሆኗል፣ ጋሼ እንድሪስ» አለች ዱንያ። «እንይ?»

«ምኑን?»

«ክፍሉን። እናያለን ብለውኛል።»

ሰውየው ሦስቱንም ልጆች በየተራ አዩ። የሚያሾፍ ፊት ፈልገው አጡ። ቢሯቸው ገብተው ቦርሳቸውን አስቀምጠው ቁልፍ ይዘው ወጡ።

ላይብረሪው ከታክሲ ተራው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ የረዳቶቹ ጩኸት ይገባል። ቀጥሎ ያዩት ክፍል ጣሪያው ዝናብ ሲመታው የሚጮህ ቆርቆሮ ሆነ። በመጨረሻ ከግቢው ጀርባ የስፖርት ዕቃ ክፍል ከፈቱ፤ የተነፈሱ ኳሶች፣ የተጠቀለለ መረብ፣ አንድ ጠረጴዛ። ዱንያ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። ሁሉም ዝም አለ። ሩታ እንኳ።

«እዚህ እችላለሁ» አለች።

«ኳስ ቤት?»

«ኳሶቹ አይናገሩም።»

ጋሼ እንድሪስ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሺ፣ በቃ፣ እዚህ ትፈተኛለሽ።»

«ይጻፍልኛል?»

«እሱን እና...» ብለው ጀመሩና ፈገግ ማለት የጀመረውን ፉርቃንን አይተው ቃሉን መልሰው ዋጡት። «ይጻፋል። ይጻፋል፣ ልጄ!»

ማህተሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ይዘው ወደ ሱቅ ተመለሱ። ሩታ መንገዱን ሁሉ ስትዘል ሰዓደት ግን ፊቷ ላይ ምንም ደስታ አልታየባትም። ጀሪካን ላይ ቁጭ አለች።

«ሰኞ ዕለት ያንን ክፍል የሚከፍተው ሰው ቢቀርስ?» አለች።

ሩታ፣ «ማዘር ደግሞ!» ብላ ልትስቅ ስትል ዱንያ እስክሪብቶ አወጣች። «ሌላስ፣ እማ?»

«ፈታኙ ሳይነገረው ቀርቶ ‹ወደ አዳራሽ ሂጂ› ቢልሽ? ወረቀቱ ቢጠፋ? አንዱ ኳሱን ፈልጎ ቢያንኳኳብሽ?»

ዱንያ ጻፈች። የፉርቃንና የሩታ ፈተና ገና ስለሆነ፣ እሱ የወረቀቱን ቅጂ እንደሚያስነሳ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ኳስ ፈላጊ እንደምትመልስ ተስማሙ። ቆሞ መጠበቅ ለሷ የተሰጠ ሥራ ነው ተብሎ ተሳቀ። ሰዓደት የፈራችው ሁሉ ገጽ ተኩል ሆነ።

«እትዬ ሰዓደት፣ ለኔም እንዲህ ይፍሩልኝ» አለ ፉርቃን። «በሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ የሚያነብልኝ ሰው እንዲሰጡኝ ልጠይቅ ነው።»

«የሚያነብልህ ሰው በጥድፊያ ቢያነብብህስ?» አለች ሰዓደት ወዲያው።

«አየህ!» አለች ሩታ። «እኛ ይሄን መች አሰብነው?»

ሰዓደት ሳታስበው ሳቀች። ሳፋዎቹን እያስገቡ፣ እሷ እየፈራች፣ ዱንያ እየጻፈች መሸ። ፉርቃንና ሩታ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አቅጣጫ ሲሄዱ እናትና ልጅ ከኋላቸው እያዩ ቆዩ። ከዚያ ሰዓደት የብረቱን በር ስባ ዘጋችው፤ ዱንያ ጓጉንቸሩን አስገብታ ቆለፈችው።