ምን ጎደለኝ

ድሮ ነው፤ ከተፍኪ ወደ ሰበታ በሚመጣ ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ፣ «ለጎረቤት ተመስገን በይ፤ ለመንግሥት ግን ቸገረኝ በይ» አለቻት። ሌላዋ የመለሰችውን በደንብ አላስታውሰውም። «ታዲያ እግዜር ሁለቱንም አይሰማም?» ያለች ይመስለኛል። ወይም እኔ ጨምሬበት ይሆናል።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ በሰፈራችን ለሴፍቲኔት አቅመ ደካሞች ተመዘገቡ። ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የሚከራዩ ሁለት መበለቶች አሉ፤ እትዬ የሺሃረግና አዴ ገለቴ። ሁለቱም ከስድሳ አምስት አልፈዋል፤ ጧሪ ልጅ የላቸውም፤ ማድቤታቸውም አንድ ነው። በአንድ ቀን ሄዱ፤ በአንድ ወረፋ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ግን አዴ ገለቴ ወንዲ የሚባለው ሠራተኛ ጋ፣ እትዬ የሺሃረግ ደግሞ ሊሊ ጋ ገቡ።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ የአዴ ገለቴ ስም አለ፤ የእትዬ የሺሃረግ የለም።

«በደንብ እይ እስቲ አለሙ» አሉኝ እትዬ የሺሃረግ። ሦስት ጊዜ አየሁ። ቅሬታ የሚቀበሉት እስከዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ስለነበር ሦስታችንም ወደ ቢሮው ገባን።

ሊሊ ፎርሙን ፈልጋ አወጣች። «እማማ፣ ኑሮ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩዎት። ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ አሉኝ። ይኸው።» በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «የጎደላት ነገር የለም» ይላል።

አዴ ገለቴ ሳቁ። «እኔስ ምን አልኩና! ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ ብዬ አይደል የወጣሁት?»

ሊሊ ወደ ጎን ጠረጴዛ ዞረች። «ወንዲ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እሱ መልስ ነው እንዴ? ሰላምታ እኮ ነው። እናቴ ኦፕራሲዮን በሆነች ማግስት ተመስገን ነው ያለችኝ። እሳቸውንም እሱን አልፌ ምን እንደበሉ ጠየቅኳቸው።»

«መመሪያው ያሉትን ጻፉ ነው የሚለው። ያልተባልኩትን ብጽፍ ነገ ማን ይጠየቃል?»

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። መመሪያውም እንደዚያ ይላል።

«ቀላል ነው እማማ፤ አሁን ቸግሮኛል ይበሉኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

እትዬ የሺሃረግ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «በዚህ አፌ? ስድሳ ስምንት ዓመት ያኖረኝን ጌታ ጎደለብኝ ልበለው? አልልም ልጄ።»

«አይ የሺ!» አሉ አዴ ገለቴ። «ተመስገን ድስት ላይ አይጣድም!»

ሊሊ ሰዓቷን አየች። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። «እሺ፣ ይተዉት። እንደ ወንዲ ልጠይቅ። ዛሬ ምን በሉ?»

«ዛሬማ ጾም ይዣለሁ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም።»

አዴ ገለቴ ጠረጴዛውን ቸብ አደረጉት። «ሃምሳው ቀን ሳያልቅ የምን ጾም ነው? ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማትጾሙ እኔ ጴንጤዋ አውቃለሁ!»

እትዬ የሺሃረግ መሬት መሬት አዩ። ሊሊ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ነካ አደረገች።

«ወንዲ፣ እኔ ጋ ተመስገን ብለው የወጡ ስንት ይሆናሉ?»

«ያላሉ አሉ?» አላት።

የቅሬታውን ወረቀት ራሷ ሞላችው። ምክንያት በሚለው ቦታ «ቤት ለቤት ይጣራ» ብላ ጻፈች። «ሐሙስ ጠዋት ቤትዎ እመጣለሁ እማማ። ምንም እንዲሉኝ አልፈልግም፤ ያየሁትን እጽፋለሁ። ከዚያ ሌሎቹም ጋ እዞራለሁ።»

«ነይ። ግን ሳትቀምሺ አትወጪም።»

«ምኑን ነው የምትቀምሰው?» አሉ አዴ ገለቴ። «ሊሊዬ አደራሽን፣ ይህንንም ተርፏታል ብለሽ እንዳትጽፊ!»

ሊሊ አልጽፍም አለች። ወንዲም የእሱን ጥያቄዎች ይዞ አብሯት ሊዞር ተስማማ።